ከጆሮዋ ኋላ ያለችው ቫልቭ

በደሴ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ ገጥሜያለሁ። ከሆጤ እስከ ሸዋበር፣ ከሙጋድ እስከ ቧንቧ ውኃ፣ ቁልፌን ይዤ ያልገባሁበት ግቢ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ ቱቦ፣ ስለ ቫልቭና ስለ ግፊት አስተያየት ስሰጥ «ከማያውቀው ገባ» የሚለኝ ይኖራል ብዬ አልሰጋም። ዛሬ የምገመግመው ቱቦ ግን እኔ የገጠምኩት አይደለም። የገጠሙት አንዲት ሐኪም ናቸው፤ የተገጠመውም በልጅ ልጄ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሸንት ይባላል፤ ሃይድሮሴፋለስ በሚባል ሕመም አንጎሏ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ታች የሚያወርድ ነው። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ተነሥቶ በአንገቷና በደረቷ ቆዳ ሥር ይወርድና ሆዷ ውስጥ ያልቃል። ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ሊገድላት ነበር። ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንዱን ብቻ የሚጽፍ ሰው ወይ ዕቃ ሻጭ ነው ወይ የተቆጣ ደንበኛ።

ልጅቷ የተወለደችው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ትኩሳት ያዛት። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ሽሮፕ ሰጥተው መለሱን። በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ ስትል ወደ ሌላ ቦታ ሮጥን፤ አስተኝተው በመርፌ መድኃኒት አከሟትና ዳነች። ቡና ተፈላ፣ ተመራረቅን፣ ነገሩ ያለፈ መሰለን።

በኅዳር ባለቤቴ ከሰኞ ገበያ የገዛችላት የሱፍ ቆብ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልገባ አለ። ልጅ ያድጋል አልኩ። አንዲት ጎረቤታችን ራሱ ትልቅ የሆነ ልጅ ብልህ ይሆናል አለችን፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው። ከዚያ እርግብግቢቷ ተወጠረ። የጤነኛ ሕፃን እርግብግቢት በጣት ሲነኩት ለስለስ ይላል፤ የእሷ እንደ ተነፋ የብስክሌት ጎማ ነበር። የዓይኗ ብሌን ከታችኛው ሽፋን ሥር እየጠለቀ ነጩ ከላይ ይታይ ጀመር። ሐኪሞች ይህን ከምትጠልቅ ፀሐይ ጋር እንደሚያመሳስሉት የሰማሁት ኋላ ነው።

የብረት ሜትሬ ለሕፃን ራስ አይሆንም። ሲባጎ ወስጄ ከቅንድቧ በላይና በማጅራቷ በኩል ጎላ ብሎ በሚወጣው አጥንት ላይ አዞርኩና ሲባጎውን በሜትሩ ላይ ዘረጋሁት። 46 ሴንቲ ሜትር። በሳምንቱ 47 ተኩል። የሦስት ወር ሕፃን ራስ 40 አካባቢ እንደሚሆን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ነገር ጤና እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ ከተጠራሁ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚገባው በዝቶ ነው ወይስ የሚወጣው ተዘግቶ?

ይህንን ቁጥር ይዤ የሄድኩበት ቦታ ያገኘኋቸው ባለሙያ ሜትር እንኳ ሳያነሡ «አባት፣ የእርስዎም ራስ እኮ ትልቅ ነው» አሉኝ። ራሴ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። ይህች ቀልድ ግን ሁለት ሳምንት አስወሰደችን። ጠበል ያመጣልን አለ፣ ዱዓ ያደረገልን አለ፤ በወሎ ቤት ሁለቱም እንግዳ ስላልሆኑ ሁለቱንም አልገፋሁም። በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ሐኪም በእርግብግቢቷ በኩል በአልትራሳውንድ አዩና ብዙም ሳይናገሩ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉልን።

የላኩን የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ስሙን አልጠራም። አገልግሎቱን የምመዝነው ሁለት ቦታ ከፍዬ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ውጭና በር ውስጥ። ከበሩ ውጭ ያለው መከራ ነው። ካርድ ለማውጣት ሌሊት ዐሥር ሰዓት ወረፋ ይያዛል። የሲቲ ስካኑ መሣሪያ ተበላሽቷል ተብለን ውጭ በ2,300 ብር አሠራን። አልጋ እስኪገኝ ዐሥራ አንድ ቀን በረንዳ ላይ አደርን፤ ልጄ ሕፃኗን አቅፋ፣ እኔ በጋቢዬ። ጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው «አባባ፣ ይነሡ፣ ውኃ ላፈስስ ነው» እያለች ስትቀሰቅሰኝ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እሰማው ነበር። በአራተኛው ቀን አላስችል አለኝና ራሴ አጠበቅሁት።

ሐኪሟ ዕድሜያቸው ከልጄ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ አንቱ ነው የምላቸው። የሕፃናት የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪም ናቸው። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ለማስተማር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ እኛ ማን ዘንድ እንደምንቆም እንጃ።

የሲቲ ስካኑን ፊልም መብራት ላይ ሰቅለው ሥራዬን ጠየቁኝ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ ስላቸው ሣቁና «እንግዲያው ለእርስዎ አስተርጓሚ አያስፈልግም» አሉ። በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣሉልኝ። አንጎል ውስጥ እርስ በርስ የተያያዙ አራት ክፍተቶች አሉ። እዚያ ያለ ልዩ ሥጋ ቀን ከሌት ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል። ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያ ወርዶ ከአንጎል ውጭ ይዞርና ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ከአፈጣጠሩ ጠባብ የሚሆንበት አለ፤ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ የሚዘጋበትም አለ። የእኛዋን የዘጋው ያ የአራስነት ትኩሳት ነው። ዳነች ብለን ቡና ያፈላንበት። ኢንፌክሽኑ አንጎሏ ድረስ ዘልቆ ጠባሳ ትቶ ሄዷል። አመንጪው አይቆምም፣ መውጫው ተደፍኗል፣ የሕፃን ራስ ቅል ደግሞ ገና ስላልተጋጠመ ይለጠጣል።

«ዕቃውን ላየው?» አልኳቸው። ሌላ ሐኪም ቢሆን ያባርረኝ ነበር። እርሳቸው ግን የታሸገውን አሳዩኝ። ከምስር ወጥ ማውጫ ማንኪያ እጀታ የቀጠነ የሲሊኮን ቱቦ፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ቫልቭ። ቫልቯ ውስጥ ስንጥቅና ጥቃቅን ሽቦ አለ። ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ስንጥቋ ትከፈታለች፣ ሲቀንስ ትዘጋለች፤ ወደ ኋላ አትመልስም። እኛ ቆጣሪ ላይ የምንገጥማት ዓይነት ናት፤ ልዩነቷ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አለመብለጧ ነው። የታችኛው ቱቦ ረዘም ተደርጎ ሆድ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ልጅ ቁመት በጨመረ ቁጥር እየተፈታ እንዲሄድ። ይህን ያሰበ ሰው ቧንቧ የገባው ሰው ነው።

እውነትም ነበር። የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ የተማረ ነው፤ ምሽት ምሽት እየፈለገ ያነብልኝ ነበር። አስተማማኝ የሆነችውን ቫልቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሐኪም አይደለም፤ ጆን ሆልተር የሚባል የመቆለፊያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ። ልጁ ኬሲ በዚሁ ሕመም ተወለደ። አባትየው የሐኪሞቹን ችግር አይቶ ወደ ቤቱ ገባ፣ ስንጥቅ ያላት ቫልቭ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ዩጂን ስፒትዝ የተባሉት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሕፃን ላይ ገጠሟት። ኬሲ ራሱ ግን በልጅነቱ አረፈ። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ስልኩን አስቀመጠ፤ እኔም ተነሥቼ ወጣሁ።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ አስተያየት የሚያነብ ሰው ዋጋ ይፈልጋል። ለእኛ የተገጠመው ቻብራ የሚባለው የሕንድ ሥሪት ነው። ርካሽ ነው ሲሉኝ ፊቴ ተለወጠ፤ በሙያዬ ርካሽ ቫልቭ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና። ሐኪሟ ፊቴን አይተው ስለ አንድ ጥናት ነገሩኝ። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ቤተሰባቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ዑጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ሄዱና እዚያ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። በ195 ሕፃናት ላይ ያን ጊዜ 35 ዶላር ያወጣ የነበረውን ቻብራንና 650 ዶላር ያወጣ የነበረውን የአሜሪካ ሸንት ጎን ለጎን አስተያዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሌላ ጥናት በ344 ሕፃናት ላይ ሦስት ዓይነት ቫልቮችን አወዳድሮ፣ አዲስ የተባሉት ከአሮጌው እንዳልተሻሉ አሳይቷል። ከዚያ ጥናት የያዝኩት ግን ሌላ ቁጥር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይበላሽ የቆየው 61 በመቶ፣ በሁለት ዓመት 47 በመቶ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሁለት ዓመት አይሞላውም ማለት ነው! እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ብሠራ ደሴ ውስጥ ማንም በሩን አይከፍትልኝም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በታኅሣሥ 2012 ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በሦስተኛው ቀን እርግብግቢቷ ረገበ፣ ዓይኗ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እኔን አይታ ሣቀች። ከበሩ ውስጥ ላለው አገልግሎት የምሰጠው ነጥብ ይህ ነው፤ ሌላ ቁጥር አላውቅለትም። ሐኪሟ ሲሸኙን ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛ፣ ቫልቯን በጣቴ እየተጫንኩ እንዳልሞክራት፤ ዓይኔን አይተው ነው መሰለኝ። ሁለተኛ፣ ካስመለሳት፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች ወይም ካተኮሳት፣ ሌላ ምክንያት ሳንፈልግ መጀመሪያ ቱቦውን እንድንጠረጥር። ስልካቸውንም ሰጡኝ።

በአልጋ ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ጎን የነበረችው እናት ከወግዲ የመጣች ናት። ልጇ ጀርባው ላይ በተከፈተ ቁስል ነው የተወለደው፤ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ይሉታል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ብዙዎቹ ኋላ ሸንት ያስፈልጋቸዋል። ሐኪሟ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲያስረዷት ሰምቻለሁ፤ የሕፃኑ ሕብለ ሰረሰር የሚጋጠመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፤ ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ መወሰድ ያለበት ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ ዳግመኛ የመከሰቱ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እናትየዋ «ማን ነግሮኝ!» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። እንክብሉ የሳንቲም ዕቃ ነው፤ ልጆቻችሁን ስትድሩ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ተደፈነበት ቀን። ጥር 2013፣ ልጅቷ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል፤ እየተንጠላጠለች ትሄዳለች። ጠዋት አስመለሳት። ማታ ዝም ብላ ትተኛለች። አንድ የጤና ተቋም ወሰድናት፤ የሆድ ሕመም ነው ተባለ። ሸንት እንዳላት ነገርኳቸው። ተረኛው «እሱ የጭንቅላት ነው፣ ይህ የሆድ ነው» አለኝ። ቱቦው ከጭንቅላት እስከ ሆድ የሚሄድ መሆኑን ለሐኪም የማስረዳው እኔ ቧንቧ ሠራተኛው ሆኜ ቀረሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ለሐኪሟ ደወልኩ፤ አነሡት። «አሁኑኑ ተነሡ» አሉኝ።

ሚኒባስ ተኮናትረን ሌሊት ሰባት ሰዓት ወጣን። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፤ እስከዚያ ትንፋሿን እየቆጠርን ሄድን። የደብረ ሲናን ዳገት ስንይዝ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም፤ ሾፌሩ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ይነዳል። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ልጄ «አባባ፣ አትመልስልኝም» አለችኝ፤ ስሟን እየጠራች ነበር። እኔ የማደርገው አልነበረኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሌሊት ተጠርቼ የተደፈነ ስከፍት ኖሬ፣ ያቺን አንዲት ስንዝር ቱቦ መንካት አልችልም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደረስን፤ አራት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። የላይኛው ጫፍ ነው የተደፈነው። ፈሳሹን የሚያመነጨው ሥጋ ራሱ በቱቦው ቀዳዳዎች ገብቶ አድጎ ነበር። የባሕር ዛፍ ሥር ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጫፉን ቀየሩት፣ በማግሥቱ ጡት ጠየቀች።

በዚያ ሳምንት ሐኪሟን «ለምን ያለ ቱቦ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሊሆን ይችላል አሉኝ፤ ዋርፍ ምባሌ ላይ የሠሩትም ይህንኑ ነው። ሰውየው ሸንት ገጥመው የሚሸኙት ሕፃን ከሐኪም ርቆ፣ መንገድ በሌለበት መንደር እንደሚኖር አዩ። ቱቦው ሲደፈን ማን ይከፍተዋል? ስለዚህ በእርግብግቢቱ በኩል ቀጭን ካሜራ ያስገቡና ከክፍተቶቹ የአንዱን ወለል ይበሳሉ፤ ፈሳሹ አዲስ መውጫ ያገኛል። በዚያው ካሜራ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ምንጩ ይቀንሳል። ይህን ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። የሚገባው በዝቶ ነው ወይስ የሚወጣው ተዘግቶ? ሰውየው ሁለቱንም በአንድ ቀዳዳ መለሱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ማክአርተር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ተሸልመዋል፤ ለእኔ ያንሳል።

ሐኪሟ ግን እንደ ሻጭ አላወሩልኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውንና እዚያው ዑጋንዳ በ100 ሕፃናት ላይ የተደረገውን ጥናት ነገሩኝ። ሃምሳ አንዱ በካሜራ፣ አርባ ዘጠኙ በሸንት ታከሙ። በዓመቱ የአእምሮ እድገታቸው አልተለያየም። ሕክምናው ያልሠራላቸው በካሜራው 35፣ በሸንቱ 24 በመቶ ናቸው፤ በስሌቱ ግን ይህን ያህሉ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። «ታዲያ ምን ተረፈ?» አልኳቸው። «በካሜራ የተከፈተው የሚዘጋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ቱቦ ግን ዐሥር ዓመት ቆይቶም ይደፈናል» አሉኝ። ለእኛዋ አልሆነም፤ ኢንፌክሽኑ ከወለሉ በታች ያለውን ቦታ በጠባሳ ስላያያዘው፣ ቢበሳም ፈሳሹ መሄጃ የለውም።

የዋርፍ ሌላ ሥራ ደግሞ ያበሳጨኛል፤ ስለ ትኩሳቱ ስለሆነ። ምባሌ ካዩዋቸው 300 ሕፃናት 60 በመቶ ያህሉ ሕመሙ የመጣባቸው ከኢንፌክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቲቨን ሺፍ የተባሉ ሌላ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ፔኒባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ሕመሙ ባለባቸው የዑጋንዳ ሕፃናት የአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ማግኘታቸውን አሳተሙ። የእኛዋን የያዛት እሱ ይሁን ሌላ የመረመረ የለም። እኔ የማስበው ሽሮፑን ነው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። አምስት ሳምንት ያህል መንገድ የለም፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ጎረቤቱ የሚፈራውን እኔም እፈራለሁ፤ በዚያ ላይ ግን አንዲት ባቄላ የምታህል ቫልቭ አለችብኝ። በየሌሊቱ ሁለት ጊዜ እቀሰቅሳታለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እኔ ማን ነኝ?» እላታለሁ። እንቅልፏን ስለምረብሽ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ «ባባ» ትላለች። «ባባ» ስትለኝ እተኛለሁ። ቱቦው በእነዚያ አምስት ሳምንታት አልተደፈነም። የሕንድ አገር ሠራተኛ እጅ ይባረክ።

አሁን አፀደ ሕፃናት ጨርሳለች። መናገር ዘግይታለች፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ስትሮጥ በግራ እግሯ ትንሽ ትጎትታለች፤ ለሌላው ሁሉ ግን እንደ እኩዮቿ ናት፣ በተለይ ለጠብ። ለቱቦው ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ሦስተኛው የጦርነቱ ጊዜ ነው። ለሐኪሟ ከአምስት ስድስት። ለካርድ ክፍሉ ምንም። ቅር የሚለኝ የገጠማውና የጥገናው ርቀት ነው። እኔ ሙጋድ ገጥሜ ሲደፈን አዲስ አበባ ድረስ ኑ ብል የሚቀጥረኝ አልነበረም። ካሜራውና እሱን የሚይዝ እጅ ለእኛ የሚያስፈልገን ወሎ ውስጥ ነው።

ስልኬ በእናቶች እጅ ስለተዳረሰ ይደወልልኛል። ባለፈው እሑድ ማታ አንዲት ልጅ ከኩታበር ደወለች፤ ቆቡ አልገባ ብሏት ነው። ሜትር የላትም። ሲባጎ አላት። እንዴት እንደምታዞረው ነገርኳትና ሲባጎውን ጎረቤት ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ በሜትር እንድታስለካው አልኳት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች።

«ጋሼ፣ 44 ተኩል ነው።»

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሁለት።»

«አብሽሪ» አልኳት፣ «ነገ በጠዋት ተነሺ።»